የጉዳት ገማቹ ዲኤክስ

ሂርጳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተገጨ መኪና ፎቶ ሲያነሳ ኖሯል። በአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ጉዳት ገማች ነው። መኪና ይገጫል፣ እሱ ይጠራል፣ ሄዶ ያነሳል፣ ጽፎ ይመለሳል። አነሳሱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ፣ ከቀኝ አንድ፣ ከግራ አንድ፣ ታርጋው፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው፤ ከዚያ የተጎዳው ቦታ በቅርብ፣ ማስመሪያ አጠገቡ ተይዞ፣ ፍላሽ በርቶ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ደህና መኪና አንስቶ አያውቅም። ደህና መኪና እሱ ዘንድ ምን ሊሠራ ይመጣል።

የራሱ መኪና በዕድሜ ከእሱ ብዙም የማታንስ ዲኤክስ ነበረች። ጡረታ ከወጡ የሒሳብ መምህር ነው የገዛት። ቀለሟ ነጭ ነው፤ ቢያንስ ሊብሬው ነጭ ይላል። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከባለቤቱ ከእንዳለች ጋር በሚኖርበት ብሎክ ሥር፣ ከውሃ ሮቶው አጠገብ ታድራለች። በየማለዳው እየነዳት ሥራ ይገባል፣ ሲመሽ እየነዳት ይመለሳል። ታጥባ አታውቅም ማለት ሐሜት ይሆናል፤ ግን እሱ ራሱ የታጠበችበትን ቀን አያስታውስም።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ የብሎኩ ኮሚቴ ግቢ ውስጥ ተጥለው የቀሩ መኪኖችን ለማስነሳት ወሰነና በየመስታወታቸው ላይ ወረቀት ለጠፈ። ለዲኤክሷም ደረሳት። "ባለቤቱ ያልታወቀ ንብረት፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይነሳል" ይላል፤ ማኅተም አለው። ሂርጳ ቆሞ አነበበው፤ አልቀደደውም። ከነወረቀቱ ነድቶ ሥራ ሄደ፣ ከነወረቀቱ ተመለሰ። ሦስት ቀን እንዲሁ ሲመላለስ ዘበኛውም፣ ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረባውም ምንም አላለውም። በአራተኛው ቀን እራት ላይ መኪናዋን ሊያሠራት እንዳሰበ ለእንዳለች ነገራት። እንዳለች የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ ስለ ማንኛውም ነገር አስተያየት ከመስጠቷ በፊት መጠኑን ትጠይቃለች። ስንት ጊዜ ይፈጃል አለችው። ሁለት ሳምንት አላት። አራት ወር ፈጀ።

አብነት ውስጥ ኸይረዲን የሚባል ሰው ቆርቆሮ የሚያቃናበትና ቀለም የሚረጭበት ጋራዥ አለው። ሂርጳና ኸይረዲን ከተዋወቁ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ወዳጆች ግን አልነበሩም። ኸይረዲን ለኢንሹራንሱ በሚያቀርበው ወረቀት ላይ "በሩ ይቀየር" ብሎ ሲጽፍ ሂርጳ ይሰርዝና "ይቃና" ይላል። "ኮፈኑ ይቀየር" ሲልም "ይቃና" ነው። በዚህ አንድ ቃል ምክንያት የተቃና ቆርቆሮ በከተማው ውስጥ ብዙ ነው። ስለዚህ ሂርጳ የራሱን መኪና ይዞ በጋራዡ በር ሲገባ ኸይረዲን መዶሻውን አስቀመጠ፣ እጁን ጠረገ፣ እስክሪብቶ ከኪሱ አወጣና መኪናዋን አንድ ጊዜ በዝግታ ዞራት።

ሂርጳ የግራውን የፊት በር ዝገት ስለበላው ቢቀየር እንደሚሻል ነገረው።

"ይቃና" አለ ኸይረዲን።

የፊተኛው ፓራውልት ተጣሟል፤ ሌላ ቢፈለግለት ጥሩ ነው።

"ይቃና።"

የኋላው ኮፈንስ?

ኸይረዲን ኮፈኑን ብዙ አየው። ጣቱን ዝገቱ ላይ ሲያሳርፍ ጣቱ ወደ ውስጥ ገባ። አወጣና አየው። "ይሄ ይቀየራል" አለ፤ "እኔ እንደ አንዳንድ ሰው አይደለሁም።"

ከዚያን ቀን በኋላ ሂርጳ ከሥራ ሲወጣ በአብነት በኩል መዞር ልማዱ ሆነ። ቆርቆሮው ተመታ፣ ተበየደ፣ ተሞላ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፋቀ። ቀለሙ ላይ ሲደረስ ሥራው ቆመ። ሂርጳ የሚፈልገው አረንጓዴ ነው፤ የትኛው አረንጓዴ እንደሆነ ግን መናገር አልቻለም። አንድ ቀን የእንዳለችን የፀጉር ቅባት ክዳን ይዞ መጣ። ኸይረዲን ክዳኑን አገላብጦ አየና ስድስት ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ስድስት ዓይነት አረንጓዴ ረጨለት። ሂርጳ ስድስቱንም አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ፣ ከብረት መደገፊያው በሽቦ አንጠልጥሎ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ያያቸው ጀመር። ጎረቤቶች መጀመሪያ የሚከራይ ቤት ያለ መስሏቸው ጠየቁ። ነገሩ ሲገባቸው ድምፅ መስጠት ጀመሩ። ሦስተኛዋ ቆርቆሮ አሥራ አንድ ድምፅ አገኘች። ሂርጳ አምስተኛዋን መረጠ። ጥላ ውስጥ ጥቁር ትመስላለች፤ ፀሐይ ሲነካት ግን የታጠበ የጌሾ ቅጠል ትሆናለች።

የቀለም ለውጡ ሊብሬው ላይ መስፈር ስላለበት ሊያስመዘግብ ሄደ። ጸሐፊዋ ምን ዓይነት ቀለም ነው አለችው። ሂርጳ ስለ ጥላውም ስለ ጌሾውም ነገራት። እስኪጨርስ ጠብቃ "አረንጓዴ" ብላ ጻፈች።

ጥቅምት ማለቂያ ላይ ዲኤክሷ ከጋራዡ ወጣች። ፓራውልቶቿ ኒኬል ተነክረው ያበራሉ። ቸርኬዎቿ ተፍቀው እንደገና ብር መስለዋል። ከፊት መብራቷ እስከ ኋላ መብራቷ በጎኗ በኩል የክር ያህል የቀጠነ ክሬም መስመር ተሰምሯል፤ ኸይረዲን ይህን መስመር ሲስል ትንፋሹን ይዞ ስለነበር ሁለት ጊዜ ወጥቶ መቀመጥ አስፈልጎታል። ጣሪያዋ ላይ ከወይራ እንጨት የተሠራ ዕቃ መጫኛ አለ። ሂርጳ የሚጭነው ዕቃ የለውም። ብሎኩ ሥር አምጥቶ ሲያቆማት ዘበኛው ቀረበና የእንግዳ መኪና ግቢ ውስጥ እንደማያድር በትሕትና ነገረው።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በታኅሣሥና በሚያዝያ፣ የድሮ መኪና ባለቤቶች አንድ እሁድ ሜዳ ላይ መኪናቸውን አሰልፈው ለሕዝብ ያሳያሉ። መመዝገብ የፈለገ ሦስት ፎቶ በቴሌግራም ይልካል፤ አስተባባሪዎቹ አይተው ይመርጣሉ። ሂርጳ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ፎቶ ማንሳት ሥራው ነው። ሦስት አነሰበትና አሥራ አንድ ላከ። መልሱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መጣ፦ "በጣም እናዝናለን። አደጋው የደረሰባት መቼ ነው?"

ሂርጳ ስልኩን ለእንዳለች አሳያት። እንዳለች ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከቀኝ፣ ከግራ፣ ታርጋው፣ የሻንሲ ቁጥሩ። ክሬሙን መስመር በቅርብ አንስቶታል፤ አጠገቡ ማስመሪያ አለ። ከዚያ የራሷን ስልክ አመጣችና ባሏ እሷን ያነሳባቸውን ፎቶዎች ከፈተችለት፦ ሁለተኛ ዲግሪዋን የተቀበለችበት ቀን፣ የእህቷ ሠርግ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር። በሁሉም ላይ ፊት ለፊት ቆማለች፤ ፍላሹ በርቷል፤ ዓይኗ ፈጧል። ሐዋሳ ላይ ከቀኝም ከግራም ተነስታለች።

"ሂርጳ፣ እኔ በአንተ ፎቶ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ እንደተገጨሁ ነኝ" አለችው።

ተቆጥታ አልነበረም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። ሂርጳ ስልኩን ተቀበላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶዎቹን ጉዳት ሳይፈልግ ለማየት ሞከረ፤ አቃተው። ሐዋሳ ላይ ዓይኑ ቀጥ ብሎ የሄደው የእንዳለች ቀሚስ ጫፍ ላይ ወዳለችው ትንሽ ቀዳዳ ነው።

ኸይረዲን ጉዳዩን ሲሰማ አልሳቀበትም። ወደ እናቱ ወሰደው። እማማ ኡሙልኸይር ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከባለቤታቸው ጋር በከፈቱት ፎቶ ቤት፣ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላም ብቻቸውን፣ በድምሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ጉርድ ፎቶ፣ የሙሽራ ፎቶ፣ የቤተሰብ ፎቶ። ስልክ ሁሉም እጅ ሲገባ ዘጉት። አሁን ከጋራዡ ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ይኖራሉ። በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው ነበር። መነጽራቸውን አጥልቀው አሥራ አንዱንም ፎቶ አዩ። ቀና ብለው ግቢው ውስጥ የቆመችውን መኪና አዩ። ተመልሰው ስልኩን አዩ።

"ይህችን መኪና ትወዳታለህ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እዚህ ላይ አይታይም" አሉና ስልኩን መለሱለት።

ለአንድ ሳምንት ፎቶ እንዳያነሳ ከለከሉት። በምትኩ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ቀን ስድስት ሰዓትና አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናዋ አጠገብ እየቆመ በሯ ላይ ምን ምን እንደሚታይ ጽፎ እንዲያመጣ አዘዙት። እንዲህ ያለ ቀለም መስታወት ማለት ነው፤ መኪናዋን ስታነሳ የምታነሳው ዙሪያዋን ነው አሉት። ጽሑፍ ለሂርጳ ችግሩ አይደለም። በሳምንቱ ሰባት ገጽ ይዞ መጣ። አንዱ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15። የቀኝ የኋላ በር። ሁለት የተሰጣ ብርድ ልብስ፣ አንድ ዲሽ፣ የሚያዛጋ ዘበኛ፣ ገማቹ።" እማማ ኡሙልኸይር ገጾቹን እስከ መጨረሻው አነበቡ። በሁሉም ገጽ ላይ ገማቹ አለ።

"መጀመሪያ ይሄን ሰውዬ አውጣው" አሉ።

እንዲህ ተጀመረ። ኅዳርን ሙሉ ሂርጳ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብነት እየሄደ ተማረ። ፍላሹን አጠፉበት። ከቆመበት አስጎንብሰው ከመብራቷ ቁመት ጋር አስተካከሉት፤ ሰውም ሲነሳ በዓይኑ ልክ ነው ይሉታል፣ ከላይ ሆነህ ካነሳኸው የተቀጣ ይመስላል። ጉልበቱ ሲንቋቋ እየሰሙ እንዳልሰሙ አለፉት። ተጠግቶ ሲያነሳ ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ገፍተው ከዚያ ሆኖ በካሜራው እንዲያቀርባት አደረጉት፤ ከቅርብ ሲሆን አፍንጫ እንደሚገዝፍ በጉርድ ፎቶ ደርሰውበታል። ፊት ለፊትም አይደለም፣ ጎንም አይደለም፤ ከፊቷም ከጎኗም እኩል በሚታይበት ማዕዘን። የፊት ጎማዋን ትንሽ ጠምዘዝ አድርግ፣ ቸርኬው ወደ ካሜራው ይዙር ይሉታል። ከጣሪያዋ ላይ የመብራት ምሰሶ የበቀለ እንዳይመስል ከኋላዋ ያለውን ተመልከት። ደግሞም ብርሃን። ከሁሉም በላይ የሚነዘንዙት ስለ ብርሃን ነው። ከጎን ዝቅ ብሎ የሚመጣ ብርሃን ለስላሳ ነገርን ያሳምራል፤ ያልተስተካከለውን ግን አሳልፎ ይሰጣል። ፊቱ ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ ያለበት ደንበኛ ሲመጣ በጎን ብርሃን አስቀምጠውት አያውቁም፤ እያንዳንዷ ጉድጓድ ትቆጠራለች።

ሂርጳ ቤት ሲገባ ኮሪደሩ ላይ በእንዳለች ይለማመድ ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የተማሪ ወረቀት እያረመች ሳለ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ከሩቅ፣ አንዴ ብቻ አነሳት። አሳያት። እንዳለች አይታ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። በማግስቱ የቴሌግራም ፎቶዋ ተቀይሮ አገኘው። ሂርጳ ያን ቀን ምሳውን ሁለት ጊዜ በላ።

ችግሩ የመጣው በሥራ በኩል ነው። ዓይን እንደ ካሜራ አይደለም፤ ቢሮ ሲገቡ አጥፍቶ ሲወጡ ማብራት የለም። በኅዳር መጨረሻ ወይዘሮ ጠጅቱ የሚባሉ ደንበኛ ቪትዛቸውን ጭነት መኪና ከኋላ ገጭቶባቸው አመለከቱ። ወይዘሮ ጠጅቱ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው በዚያች መኪና ለየሱቁ የሚያደርሱ ሴት ናቸው። ሂርጳ መኪናዋ ያለችበት ግቢ የደረሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች። ከቪትዟ በስተጀርባ የሚያበላሽ ነገር የሌለው የጭቃ ግድግዳ አለ። ሂርጳ ሳያስበው ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፣ ተንበረከከ፣ ከፊትና ከጎን በሚታይበት ማዕዘን አነሳት። የግራ ጎኗን መረጠ፤ ብርሃኑ እዚያ ላይ ያምር ነበር። የተጨፈለቀው የቀኝ ኋላዋ ነው። እሱንም አንስቶታል፤ ግን ብርሃኑ በሚያለሰልሰው በኩል ቆሞ ስለነበር ጥላ ሸፈነው፤ ማስመሪያውንም ቤት ረስቶት መጥቷል።

የክፍሉ ኃላፊ ሸዋንግዛው ከሂርጳ በአሥር ዓመት ያንሳል፤ ጋሽ ሂርጳ ብሎ ነው የሚጠራው። ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ አስጠራው።

"ጋሽ ሂርጳ፣ ይህች መኪና ምን ሆነች?"

"ከኋላ በጭነት መኪና ተገጭታ።"

ሸዋንግዛው እንደገና ፎቶዎቹን አየ። "መቼ ነው የምትገጨው?" አለ።

ሂርጳ ጽሑፉ ላይ ሁሉም እንደተገለጸ አስረዳ። ሸዋንግዛው ጽሑፉን እንዳነበበው፣ ነገር ግን የካሳ ኮሚቴው የሚያምነው ፎቶ እንደሆነ፣ ኮሚቴውም ባለፈው ስብሰባ ጉዳቱ በማስረጃ አልተደገፈም ብሎ ጉዳዩን ማሳደሩን ነገረው። የመጨረሻው ውሳኔ ሰኞ ነው። ይህን ሲነጋገሩ ቀኑ ዓርብ ነበር።

ሂርጳ ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ ወይዘሮ ጠጅቱ ወንበሩ አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁት። ነጠላቸው ላይ የበርበሬ ብናኝ አለ። የማሳደሪያው ደብዳቤና ከፋይሉ ኮፒ ተደርጎ የተሰጣቸው ፎቶ እጃቸው ላይ ነበር። ሁለት ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት አሉት። አንደኛው፣ ይህን ፎቶ በከለር ማግኘት ይቻል እንደሆነ፤ መኪናዬን እንዲህ አምራ አይቻት አላውቅም። ሁለተኛው፣ ለምን እንደማይከፍሏቸው።

"ሦስት ሳምንቴ ነው በሚኒባስ ኩንታል ስሸከም" አሉ። "ያጠፋሁት ነገር ካለ ንገረኝ።"

ሂርጳ ያጠፋው እሱ እንደሆነ ነገራቸው። እንዴት እንዳጠፋ ማስረዳት ግን ከባድ ነበር፤ መኪናዎን አሳምሬ አነሳኋት ብሎ ይቅርታ መጠየቅ ለሰሚው ግራ ነው። ወይዘሮ ጠጅቱ በትዕግሥት ሰሙት። ቪትዟ ከዚያ ተነስታ አሁን ወንድማቸው ግቢ እንደቆመች፣ ቁልፉ እሳቸው ጋ ብቻ እንደሆነ፣ ነገ ቅዳሜ ደግሞ ሱቆቹን በእግርም በታክሲም አዳርሰው የሚመለሱት አሥር ሰዓት ላይ እንደሆነ ነገሩት። ከዚያ በፊት አይሆንም። እሁድ ክርስትና አለባቸው፤ ከተማ ውስጥ አይኖሩም።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት። ሂርጳ በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተጻፈ የፈቃድ ደብዳቤ ነበረው። ያ መሥሪያ ቤት ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ፣ ረጅም፣ ምንም ያልተለጠፈበት አጥር አለው፤ ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው። ሂርጳ ይህን አጥር ያገኘው ሁለት ሳምንት በእግሩ ዞሮ ነው። እዚያ ቆሞ ፎቶ ለማንሳት ማመልከቻ አስገብቶ፣ ከሦስት ቢሮ ተመላልሶ፣ ማኅተም አስመትቶ ያገኘው ፈቃድ ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። የታኅሣሡ ዝግጅት ምዝገባም የሚዘጋው ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። እስካሁን ያነሳቸውን ሁሉ እማማ ኡሙልኸይር አይተው ለዚያ አጥር ጠብቅ ብለውት ነበር።

"አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ" አላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ዲኤክሷን አጠባት፤ ለምን እንደሚያጥባት ራሱም አልገባውም። እንዳለች አብራው ሄደች፤ የፈቃዱ ቀን ነው ብላ ብርሃን መመለሻ የሚሆን ነጭ አንሶላ ይዛ ስትወርድ ነበር ነገሩን የነገራት። መኪናው ውስጥ ገብታ አንሶላውን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አስቀመጠች።

"ፈቃዱ እስከ አሥራ ሁለት ነው" አለችው።

"አውቃለሁ።"

"ከዚያ ሌላ ቀን አይሰጡህም።"

"አውቃለሁ፣ እንዳለች።"

በድንጋዩ አጥር በኩል ሲያልፉ ሂርጳ ዞር ብሎ አላየም። ብርሃኑ ገና አልደረሰም፤ ሊደርስ ግን ሰዓት አይሞላም ነበር።

ወይዘሮ ጠጅቱ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ መጥተው በሩን ከፈቱ። ሂርጳ መጀመሪያ የለመደውን አደረገ። ማስመሪያውን ያዘ፣ ፍላሹን አበራ፣ የተጨፈለቀውን አነሳ። አየው። ትክክል ነው፤ ኮሚቴው የሚያውቀው ዓይነት ፎቶ ነው። ሥራው አልቆ ነበር። ቶሎ ከተነሳ አጥሩ ጋ ለመድረስ ጊዜ አለው። እንዳለችም የመኪናውን በር ይዛ ቆማለች።

ግን የሆነ ነገር አልተዋጠለትም። ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ቪትዟን ዝም ብሎ ማየት ጀመረ። ፀሐይዋ ዝቅ እያለች፣ በቀኝ በኩል ያለውን ቆርቆሮ እየዳሰሰች መጣች። ደህና በመሰለው የኋላ በር ላይ ጥላ ተሰመረ። ቀጥሎም በፊተኛው በር ላይ ሌላ ቀጭን ጥላ። ሂርጳ ተጠግቶ በእጁ ዳሰሰው፤ እጁ ምንም አልነገረውም። ፍላሽ አብርቶ አነሳው፤ ፎቶው ላይ ምንም የለም። ፍላሹን አጥፍቶ፣ ተንበርክኮ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ አነሳው፤ ቆርቆሮው እንደ ተጨበጠ ወረቀት ሞገድ ሠርቶ ታየ። ግጭቱ ኋላዋ ላይ አልቆመም። መኪናዋ ከነአጥንቷ ተጣማለች። መሬት ላይ ተኝቶ ሻንሲውን አየ፤ እውነትም ታጥፏል። በዚያ ሁኔታ ኋላዋን ብቻ አቃንተው ቢሰጧቸው ኖሮ ወይዘሮ ጠጅቱ አንድ ቀን ከነበርበሬያቸው መንገድ ላይ ይቀሩ ነበር።

ወዲያው ሌላ ሐሳብ መጣበት፤ ደስ የማይል ሐሳብ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በፍላሽ አንስቶ "ይቃና" ያላቸው ስንት መኪኖች ነበሩ። መሬቱ ላይ እንደተኛ ትንሽ ቆየ። እንዳለች የሞተ መስሏት መጥታ በጫማዋ ጫፍ እግሩን ነካ አደረገችው።

"አንሶላውን አምጪው" አላት።

እንዳለች አንሶላውን ዘርግታ ብርሃኑን ወደ መኪናዋ ሆድ መለሰች። ሂርጳ ብርሃኑ እየተንቀሳቀሰ ሲሄድ እሱም እየተከተለ፣ አንዴ ተኝቶ፣ አንዴ ተንበርክኮ፣ አርባ ሦስት ፎቶ አነሳ። ሲጨርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ሆኖ ነበር። ወይዘሮ ጠጅቱ በፌስታል አንድ ኪሎ ሽሮ አስታቀፉት። የሥራ ሕጉ ስጦታ አይፈቅድም ቢላቸው ለእንዳለች አዞሩት፤ እሷ የድርጅቱ ሠራተኛ አይደለችም።

መኪና ውስጥ ሆኖ ለአስተባባሪው ደወለ። ልጁ ትሑት ነው፤ ምዝገባው እንደተዘጋ፣ ሚያዝያ ላይ ቢልክ ደስ እንደሚላቸው ነገረው፤ መኪናዋ ከአደጋው አገግማ እንደሆነም ጠየቀ። ሂርጳ ደህና ናት አለው።

ሰኞ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሸዋንግዛው ፎቶዎቹን ሲያይ መጀመሪያ የሌላ መኪና መስሎት የታርጋ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አመሳከረ። ሙሉ ካሳው ተፈቀደ፤ በወሩ ወይዘሮ ጠጅቱ ሌላ ቪትዝ ገዙ። ሂርጳ በዚያው ሰሞን ለሸዋንግዛው አንድ ገጽ ማስታወሻ ጻፈ፦ ግጭት የደረሰበት መኪና ሁሉ በጎን ብርሃንም ጭምር እንዲነሳ፣ ይህም ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ እንዲሆን። ሸዋንግዛው ገማቾች በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ እንዳልሆኑ መለሰለት። ትንሽ ቆይቶ ግን የእጅ ባትሪ ተገዛ፤ ለእያንዳንዱ ገማች አንድ። ኸይረዲን ከዚያ በኋላ "ይቀየር" ብሎ ከሚጽፈው የሚሰረዝበት ቀነሰ። አንድ ቀንም የዲኤክሷን መስመር በነፃ አደሰላት።

ለድንጋዩ አጥር ፈቃዱ አልታደሰም። ሂርጳ የሚያዝያውን ፎቶ ያነሳው ጨርቆስ አካባቢ ባለ የአንድ የተዘጋ መጋዘን በር ፊት፣ እሁድ ማለዳ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ነው። ሦስት አነሳ፤ ሦስቱን ላከ። ተቀበሉት።

የዝግጅቱ ቀን አርባ አንድ መኪና ሜዳው ላይ ተሰለፈ። ዲኤክሷ በአንዲት ቀይ ቮልስና በአንድ ላንድሮቨር መካከል ቆመች። እማማ ኡሙልኸይርም መጥተው ነበር፤ ጥላ ስላለ ከፊት ወንበር አልወርድም ብለው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ሰውን ሲያዩ ዋሉ። ለማየት የመጡ ብዙዎች የዝግጅቱ አካል መስለዋቸው አብረዋቸው ፎቶ ተነሱ። እሳቸውም የካሜራውን ቁመት እያስተካከሉላቸው ተነሱላቸው። ኸይረዲን ከመኪናዋ ኋላ ቆሞ ቀለሙን ማን እንደሠራው እስኪጠየቅ ጠበቀ። አራት ሰው ጠየቀው። አንድ ሽማግሌ ዲኤክሷን ይሸጧት እንደሆነ ሂርጳን ጠየቁት። አልሸጣትም አላቸው። ሽማግሌው እኔም ብሆን አልሸጣትም ብለው ሄዱ። ሽልማት የወሰደችው ቮልሷ ናት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜዳውን ለኳስ የተከራዩ ጎልማሶች ማሊያ ለብሰው መጡና መኪኖቹ እንዲነሱ ጠየቁ። በሩ አንድ ብቻ ነው፤ አርባ አንዱ መኪና በሰልፍ መውጣት ነበረበት። ዲኤክሷ ጎሉ አጠገብ ስለነበረች መጨረሻ ላይ ቀረች። ሰዎቹ መጠበቅ ሰልችቷቸው ሲለማመዱ አንደኛው የመታው ኳስ መጥቶ ኮፈኗ ላይ አረፈና ክብ የአቧራ ምልክት ትቶ ነጠረ። የመታው ሰው ሮጦ መጣና ይቅርታ ጠየቀ፤ በማሊያው ጠርዝ ሊጠርገው ጎነበሰ። ኸይረዲን ፊቱ ጠቆረ። እንዳለች ባሏን አየች።

ሂርጳ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደ፣ ጎንበስ አለ፣ ኮፈኑን በብርሃኑ አቅጣጫ አየው።

"ምንም አልሆነችም፣ ተዋት" አለው ሰውየውን።

"የአሱር ሶላት ሊያልፈኝ ነው" አሉ እማማ ኡሙልኸይር ከውስጥ።

ኸይረዲን ከኋላ ገባ፤ እንዳለች አጠገቡ ተቀመጠች። ሂርጳ ሞተሩን አስነስቶ ሰልፉ ጫፍ ላይ ገባ።